ለማን ተመራ? የአንድ ቡና ላኪ ቢሮ ኢንቦክስ ጉዳይ

ስልኩ የተደወለው መጋቢት ውስጥ፣ ማክሰኞ ከሰዓት ነው። ደዋዩ ጀርመን አገር ያለ ቡና ገዢ ነው። የቢሮው ባለቤት የሆነው የአክስቴ ልጅ ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ከወንበሩ ተነሣ። ሰውየው ያለው አጭር ነው። የላክንላችሁ ኢሜይል ተመልሶ እየመጣብን ነው፤ ለመሆኑ ቡናው ተጭኗል?

አልተጫነም። አንድ ኮንቴይነር የታጠበ ቡና መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብሏል። 320 ጆንያ፣ እያንዳንዱ 60 ኪሎ፣ በድምሩ 19.2 ቶን። ቢሮው ከገዢው ሁለት ነገር ሲጠብቅ ነበር። አንደኛው ከጭነት በፊት የተላከው ናሙና ተቀምሶ "ተስማምቶናል፣ ጫኑ" የሚል ማረጋገጫ ነው። ሁለተኛው የመጫኛ መመሪያው ነው። በየትኛው መርከብ እንደሚሄድ፣ የትኛው ወደብ እንደሚራገፍ፣ ሰነዱ በማን ስም እንደሚወጣ የሚነግረው እሱ ነው። ገዢው ሁለቱንም ልኬያለሁ ይላል። ቢሮው ምንም አልደረሰንም ይላል። መርከቡ ደግሞ ከጅቡቲ ሊነሣ የቀሩት ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ማታ ደወለልኝ። በቤተሰባችን ኮምፒውተር ነክ ነገር ሲመጣ የምጠራው እኔ ነኝ። "ኢሜይሉ ተበላሽቷል፣ ድረስልኝ" አለኝ።

ኢሜይሉ አልተበላሸም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአምስት ወር ያህል ወደዚያ ቢሮ ተመላልሻለሁ። ያየሁትን እዚህ የምጽፈው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ይኸው ችግር ያለባቸው ብዙ ቢሮዎች እንዳሉ ስለማውቅ ነው። የቢሮውንም የሰዎቹንም ስም ትቼዋለሁ።

የተመለሰው ደብዳቤና የተከፈተው ደብዳቤ

ቢሮው ውስጥ አምስት ሰው ይሠራል። ባለቤቱ፣ ጸሐፊዋ፣ የሒሳብ ሠራተኛው፣ ሰነድ ይዞ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት የሚሮጠው ጉዳይ አስፈጻሚ፣ እና የቡናውን ጥራት ቀምሶ የሚለየው ቀማሽ። ለአምስቱም ያለው አንድ ጂሜይል ነው። ባለቤቱ ቢሮውን ሲከፍት በራሱ ስልክ የከፈተው ነው። ፓስወርዱ በወረቀት ተጽፎ የጸሐፊዋ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። አምስቱም በየስልካቸው ከፍተውታል።

መጀመሪያ ያየሁት ገጹ ላይ ያለውን ማስጠንቀቂያ ነው። ማከማቻው ሞልቷል ይላል። ጸሐፊዋ ሊሞላ ነው ከሚልበት ጊዜ ጀምሮ ለሳምንታት አይታዋለች። "ማስታወቂያ መስሎኝ ነበር" አለችኝ። አልፈረድኩባትም። ገንዘብ ክፈሉና ቦታ ጨምሩ የሚል ነገር ሲመጣ ሁላችንም ዘግተነው ነው የምናልፈው።

ጂሜይል እ.ኤ.አ. በ2004 ሚያዝያ ሲጀምር የሰጠው ቦታ 1 ጊጋባይት ነበር። ያኔ ሌሎቹ ነጻ ኢሜይሎች የሚሰጡት ጥቂት ሜጋባይት ስለነበር፣ ሰው ከእንግዲህ ደብዳቤ መሰረዝ ቀረ ብሎ ተቀበለው። ዛሬ በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ይህ 15 ጊጋባይት የኢሜይሉ ብቻ አለመሆኑን ነው። ጉግል ድራይቭም ጉግል ፎቶም ከዚያው ነው የሚካፈሉት። ከሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስልክ ላይ ተነሥተው ወደ ጉግል ፎቶ የሚላኩ ሥዕሎችና ቪዲዮዎች በሙሉ ይቆጠራሉ። ሲሞላ ኢሜይል መላክም መቀበልም ይቆማል። የተላከው ደብዳቤ ወደ ላኪው ይመለሳል።

የቦታውን ዝርዝር ስከፍት ከ15ቱ ጊጋባይት 9ኙን የያዘው የባለቤቱ ስልክ ነበር። የልጁ ልደት፣ የወንድሙ ሠርግ፣ ከይርጋጨፌ ማጠቢያ ጣቢያ የተቀረጹ ረጃጅም ቪዲዮዎች። ከቀረው አብዛኛውን የያዙት አባሪዎች ናቸው። ስካነሩ ባለ ቀለም፣ በ600 ዲፒአይ (የሥዕል ጥራት መለኪያ ነው) ተደርጎ ተቀምጧል። ባለ አምስት ገጽ ደብዳቤ ስካን ሲደረግ 18 ሜጋባይት ይወጣዋል። ያንን ለባንክ፣ ለትራንዚተር (የጉምሩክና የጭነት ጉዳይ ለሚያስፈጽመው)፣ ለገዢ ሲልኩት ሦስት ጊዜ ይቀመጣል። በዚያ ላይ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ሕግ ስላለ፣ ገዢዎች ቡናው የተለቀመበትን ማሳ አቀማመጥ የሚያሳይ ፋይል መጠየቅ ጀምረዋል። እሱም ሲመላለስ ከባድ ነው።

ለደብዳቤው መመለስ ምክንያቱ ይኸው ነው። እዚህ ላይ ብንቆም ቦታ አስለቅቀን ወደ ቤታችን እንሄድ ነበር። ግን አንድ ነገር አልገጥም አለኝ። የተመለሰው ሁለተኛው ደብዳቤ ነው። ናሙናው ተስማምቶናል የሚለው የመጀመሪያው ደብዳቤ የተላከው ከስድስት ቀን በፊት ነው። ያን ጊዜ ሳጥኑ ገና አልሞላም።

የገዢውን ስም ፈለግኩ። ደብዳቤው እዚያው አለ። ደርሷል። ደግሞም ተከፍቷል።

አምስቱን ሰዎች አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው። የጉዳይ አስፈጻሚው ልጅ ትንሽ አሰበና አስታወሰው። "ታክሲ ውስጥ ሆኜ ስልኬ ላይ ከፈትኩት። ናሙና የሚል ነገር ሳይ የቀማሹ ነው ብዬ ዘጋሁት።" ቀማሹ ደግሞ፣ "እኔ ያልተከፈተ ብቻ ነው የማየው፤ ያ ደብዳቤ ደምቆ አላየሁትም" አለ። ጸሐፊዋ አይታዋለች። ስለተከፈተ ባለቤቱ አንብቦታል ብላ አለፈችው። ባለቤቱ ደግሞ ማታ ማታ አልጋው ላይ ሆኖ ኢሜይሉን ያያል። ደምቆ የማይታየው ሁሉ ያለቀ ይመስለዋል።

ከአምስቱ አንዳቸውም አልዋሹም፣ አልሰነፉምም። ጂሜይል ያልተከፈተውን አድምቆ፣ የተከፈተውን አደብዝዞ ያሳያል። ለአንድ ሰው ይህ በቂ ምልክት ነው። አምስት ሰው አንድ ሳጥን ሲጋራ ግን ድምቀቱ የሚነግራችሁ አንድ ሰው በጣቱ እንደነካው ብቻ ነው። ማን እንደነካው፣ አንብቦ እንደሆነ፣ ሠርቶት እንደሆነ አይነግራችሁም።

ኮንቴይነሩ ለዚያ መርከብ አልደረሰም። በሚቀጥለው፣ ከ12 ቀን በኋላ ነው የተጫነው። ገዢው ታግሷል። ቢሮው የመጋዘኑን ተጨማሪ ኪራይ ከፍሏል።

የእኔ የመጀመሪያ ሙከራ

ቅዳሜና እሑድ ቢሮው ውስጥ ቁጭ ብዬ ሠራሁ። ባለቤቱ ቪዲዮዎቹን ወደ ሃርድ ዲስክ ገለበጠ፣ መከፈታቸውን አየን፣ ከዚያ ከጉግል ፎቶ ሰረዝናቸው። ይህን ቅደም ተከተል አትዝለሉት። ከጉግል ፎቶ የሰረዛችሁት ከስልኩም ሊጠፋ ይችላል። ከዚያ በፍለጋ ሳጥኑ ጫፍ ላይ ያለችውን ምልክት ነክቼ መጠናቸው ከ10 ሜጋባይት በላይ የሆኑትን ደብዳቤዎች አወጣሁ። ያለቀላቸውን ሰረዝኩ። ቦታው ግን አልቀነሰም። የተሰረዘው መጣያው ውስጥ 30 ቀን ስለሚቆይ እስኪጣል ድረስ ቦታ ይይዛል። መጣያውን ስጠርግ ነው የተነፈሰው። ስካነሩንም ጥቁርና ነጭ፣ 200 ዲፒአይ አደረግነው። ያ 18 ሜጋባይት ከ1 ሜጋባይት በታች ወረደ።

ማስታወቂያዎቹ ቀላል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2024 ጉግልና ያሁ የማስታወቂያ ደብዳቤ በብዛት የሚልኩ ድርጅቶች በአንድ ጠቅታ መውጫ እንዲያስቀምጡ አስገድደዋል። ስለዚህ ከላኪው ስም አጠገብ ያለችውን የመውጫ ቃል መንካት ነው። የሆቴል፣ የአየር ትኬት፣ የስልጠና ማስታወቂያ በአንድ ከሰዓት ጠፋ።

ከዚያ ስህተት ሠራሁ። ኢንቦክሱ ውስጥ የቀረውን ሁሉ በመለያ (ጂሜይል ሌብል በሚለው፣ ደብዳቤው ላይ በሚለጠፍ ስም) አከፋፈልኩት። ለየገዢው መለያ፣ ለየባንኩ መለያ፣ ለየመሥሪያ ቤቱ መለያ፣ ለየቡናው ዓይነት መለያ። 34 መለያ ሆነ። ሁሉም የየራሱ ቀለም አለው። እሑድ ማታ ኢንቦክሱ ባዶ ሆነ። ባለቤቱ አቀፈኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ተመልሼ ስሄድ ከ400 በላይ ደብዳቤ ነበር። መለያዎቹን የሚጠቀም ሰው የለም። አንድ ደብዳቤ የገዢው ነው፣ ስለ ባንክ ያወራል፣ ጉዳዩ ግን የሲዳማ ቡና ነው፤ የትኛው ሥር ይግባ? ጸሐፊዋ ግራ ሲገባት ሳትነካው ትተወዋለች። ከዚያ የባሰው፣ የሒሳብ ሠራተኛው አንድ የክፍያ ደብዳቤ በመለያ አስገብቶ ከኢንቦክሱ ሲያነሣው ሌሎቹ ጠፋ ብለው ግማሽ ቀን ፈልገውታል። ገዢው የላከው ጥያቄ ደግሞ በአምስት ቀኑም አልተመለሰም። ተከፍቷል። በቆንጆ አረንጓዴ መለያ ሥር ተቀምጧል።

እኔ ያስተካከልኩት ደብዳቤው የት እንደሚቀመጥ ነበር። የተበላሸው እሱ አልነበረም።

አክስቴ

አክስቴ የባለቤቱ እናት ናቸው። ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ 31 ዓመት ሠርተዋል። ሐሙስ ሐሙስ ቢሮ እየመጡ ቡና ያፈላሉ። በዚያን ሐሙስ ከጸሐፊዋ አጠገብ ሲኒያቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር። እኔ የመለያዎቹን ቀለም እያስረዳሁ ነው።

ብዙ ከሰሙ በኋላ አንዱን ደብዳቤ በጣታቸው አሳዩኝ። "ይኼ ለማን ነው የተመራው?"

"ለሁሉም ይታያል፣ እትዬ።"

"እሱማ ይታያል። ማን ፈርሞ ወሰደው?"

መልስ አልነበረኝም። ሲኒያቸውን አስቀመጡና አንድ ደብዳቤ እሳቸው ዘንድ ሲመጣ ምን ምን ያልፍ እንደነበር ነገሩን። ደብዳቤው መጀመሪያ መዝገብ ቤት ይገባል። ለኃላፊው ቢሆን እንኳ በቀጥታ አይሄድም። የገባበት ቀን ማኅተም ይመታበታል፣ ቁጥር ይሰጠዋል። በገቢ መዝገብ ላይ ከማን እንደመጣ፣ ጉዳዩ ምን እንደሆነ፣ ስንት ገጽ አባሪ እንዳለው ይጻፋል። ከዚያ የቀድሞ ፋይሉ ተፈልጎ፣ ደብዳቤው ከነፋይሉ ለኃላፊው ይቀርባል። ኃላፊው ኅዳጉ ላይ "ለአቶ እገሌ፣ ተመልክተው መልስ ያዘጋጁ" ብሎ ጽፎ ይመራል። መዝገብ ቤት የተመራለትን ሰው ስም በመዝገቡ ላይ ይጽፍና ደብዳቤውን ሲያስረክበው ያስፈርመዋል። መልሱ ሲወጣ የወጪ ቁጥር ይሰጠዋል። ግልባጩ ፋይሉ ውስጥ ይቀራል። ያኔ ጉዳዩ ይዘጋል።

"አለቃው ደብዳቤው የት ደረሰ ቢለኝ፣ መዝገቡን ገልጬ ከእገሌ እጅ ነው፣ በዚህ ቀን ፈርሞ ወስዷል እለዋለሁ" አሉ። "እናንተ ዘንድ የት ደረሰ ቢባል ማን ይመልሳል?"

ግልባጭን በተመለከተም አንድ ነገር አነሡ። ደብዳቤ ግርጌ ላይ ግልባጭ ተብሎ የሚጻፍለት ሰው እንዲያውቀው ነው እንጂ እንዲሠራው አይደለም። እኛ በኢሜይል ሲሲ የምንለው ያው ግልባጭ ነው። ቢሮው ውስጥ ግን ሁሉም ለሁሉም ሲሲ ያደርጋል። ሁሉም ያውቃል፣ የሚሠራው ሰው ግን አልተጠቀሰም።

ቢሮክራሲ የምንለውና የምንሸሸው ነገር ውስጥ ይህን ያህል የታሰበበት አሠራር እንዳለ አላውቅም ነበር። አክስቴ ኢሜይል የላቸውም። ችግሩን ያገኙት ግን እሳቸው ናቸው።

መዝገብ ቤቱ ወደ ጂሜይል ሲገባ

34ቱን መለያዎች አጠፋኋቸው። መለያ ሲጠፋ ደብዳቤው አይጠፋም፣ ከላዩ ላይ ስሙ ብቻ ነው የሚነሣው። በምትካቸው አምስት መለያ ከፈትን፣ የአምስቱን ሰዎች ስም። አንድ ስድስተኛ ጨመርን፦ "መልስ የሚጠበቅ"።

ኢንቦክሱን የምትከፍተው ጸሐፊዋ ብቻ ሆነች። በቀን ሦስት ጊዜ፤ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል፣ ከምሳ በፊት፣ እና 11 ሰዓት ላይ። ሰዓቱን የመረጥነው የገዢዎቹን አገር ሰዓት አይተን ነው። ጀርመን በክረምታቸው በ2 ሰዓት፣ በበጋቸው በ1 ሰዓት ከኛ ወደ ኋላ ናቸው። እኛ 11 ሰዓት ላይ ቦርሳችንን ስናነሣ እነሱ ገና ሥራ ላይ ናቸው። የአሜሪካው ደብዳቤ ደግሞ ሌሊት ነው የሚገባው፤ ስለዚህ የጠዋቱ ክምር ትልቁ ነው።

እያንዳንዱን ደብዳቤ ከፍታ የአንድ ሰው ስም ትለጥፍበታለች። የአንድ ሰው ብቻ። ሁለት ሰው የሚመለከት ከሆነ ዋናው ለአንዱ ይመራል፣ ሌላው በግልባጭ ያውቀዋል። ለማን እንደሚመራ ካላወቀች ለባለቤቱ ትመራለች፣ እሱ ይወስናል። የተመራለት ሰው ሥራውን ሲጨርስ ስሙን ያነሣና ደብዳቤውን አርካይቭ ያደርገዋል። መልስ ልኮ የሚጠብቅ ከሆነ ስሙን አንሥቶ "መልስ የሚጠበቅ" ውስጥ ይከተዋል። ዓርብ ከሰዓት ጸሐፊዋ ያንን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ታየውና የዘገዩትን ታስታውሳለች።

አርካይቭ የምትለዋ ቃል ለማስለመድ ከባድ ነበረች። የሒሳብ ሠራተኛው ለሁለት ሳምንት ያህል "የት ሄደ?" እያለ ደወለልኝ። አርካይቭ መሰረዝ አይደለም። ደብዳቤው ከጠረጴዛ ላይ ተነሥቶ ክላሰር ውስጥ ገባ ማለት ነው። ሲፈለግ ይገኛል። ሰውየው መልስ ከላከበት ደግሞ ራሱ ተመልሶ ኢንቦክስ ውስጥ ይመጣል። ይህን በዓይኑ ያየ ቀን መደወል አቆመ።

ፋይሉ የውል ቁጥሩ ሆነ። ቢሮው የሚጽፈው ደብዳቤ ሁሉ ጉዳዩ ላይ መጀመሪያ የውል ቁጥሩን ይይዛል። ገዢዎቹ ሲመልሱ ቁጥሩ አብሮ ይመለሳል። ያንን ቁጥር ፍለጋው ላይ ስትጽፉት ከናሙናው ጀምሮ እስከ ክፍያው ያለው ሁሉ ተደርድሮ ይመጣል። በስም መፈለግ ለኛ አይሆንም። ይርጋጨፌን ገዢው በእንግሊዝኛ የሚጽፍበት ፊደል ከደብዳቤ ደብዳቤ ይለያያል። በአማርኛም ቢሆን አንዱ "ሠነድ" ይላል፣ ሌላው "ሰነድ"። እኛ በአንዱ ፈልገን በሌላው የተጻፈው ሳይመጣ ቀርቷል። ቁጥር ግን አንድ ነው። ስካን የተደረገ ፋይልም እንዲሁ፤ ስካነሩ የሰጠውን ስም አጥፍቶ የውል ቁጥሩንና የሰነዱን ስም መጻፍ ግዴታ ሆነ።

በአንድ ነገር ከአክስቴ ጋር አልተስማማንም። እሳቸው አጀንዳ ይገዛ አሉ። እውነተኛ፣ በእስክሪብቶ የሚጻፍበት። ድርብ ሥራ ነው ብዬ ተከራከርኩ። በመጨረሻ ገንዘብና የጭነት ሰነድ የሚነኩ ደብዳቤዎች ብቻ እንዲመዘገቡ ተስማማን፦ ቀን፣ ከማን፣ የውል ቁጥር፣ ለማን ተመራ፣ የተዘጋበት ቀን። ግንቦት ውስጥ አንድ ቀን መብራትም ኢንተርኔትም ጠፋ። ትራንዚተሩ ደውሎ የስድስት ውል ሰነድ የት እንደደረሰ ጠየቀ። ጸሐፊዋ አጀንዳውን ገልጣ ስድስቱንም መለሰችለት። ከዚያ ወዲህ አልተከራከርኩም።

ቴሌግራም

ብዙ የደከምነው እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ኢሜይል የሚከፍተው ለውጭ ሰው ነው። ሥራውን የሚሠራው ቴሌግራም ላይ ነው። ጀርመናዊው በኢሜይል ይጠይቃል። ጸሐፊዋ ስክሪንሾት አንሥታ የቢሮው ግሩፕ ላይ ትለጥፋለች። ቀማሹ በድምፅ ይመልሳል፣ ባለቤቱ "እሺ ይሁን" ይላል፣ ሁለት ሰው አውራ ጣት ይሰጣል። ጉዳዩ አለቀ። በቢሮው ውስጥ አለቀ። ጀርመናዊው ግን ምንም አልሰማም።

የድሮ ግሩፑን ወደ ላይ ስንገለብጥ እንዲህ ተወስነው ሳይመለሱ የቀሩ ሰባት ጥያቄዎች አገኘን። ገዢዎቹ ዘንድ ቢሮው ደብዳቤ የማይመልስ ቢሮ ተብሏል፤ አንደኛው ይህንኑ በግልጽ ነግሮናል። ባለቤቱ ይህን ሲሰማ በጣም ከፋው። ሰው ሲጠይቀው መልስ የማይነፍግ ሰው ነው።

ቴሌግራምን መከልከል አልሞከርንም፣ አይቻልምም። አንድ ደንብ ብቻ አወጣን። ግሩፕ ላይ ተነጋገሩ፣ ወስኑ። ግን ደብዳቤው የተመራለት ሰው በኢሜይል እስኪመልስ ድረስ ስሙ ከደብዳቤው ላይ አይነሣም። ውሳኔው ገና ካልተገኘም "ደብዳቤህ ደርሶናል፣ እስከ ሐሙስ መልስ እንሰጥሃለን" የሚል ሁለት መስመር ይላካል። ይህቺ ሁለት መስመር ብዙ ነገር አብርዳለች።

ቁልፉ

ፓስወርዱ ያለበት ወረቀት ተቀደደ። ፓስወርዱ ተቀየረ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ተደረገበት፣ ከሌሎቹ አራት ሰዎች ስልክ ወጣ። በምትኩ ጂሜይል ውስጥ ያለውን የውክልና አሠራር ተጠቀምን። ባለቤቱ ሌሎቹን በየራሳቸው አድራሻ ይወክላቸዋል። እነሱ በራሳቸው ፓስወርድ ገብተው የቢሮውን ሳጥን ያያሉ፣ ይመልሳሉ፤ ፓስወርዱን ግን መቀየር አይችሉም። ከላኪው ስም አጠገብ ደብዳቤውን ማን እንደላከው ይጻፋል። አክስቴ ይህን ሲያዩ "አሁን ፊርማ አገኘ" አሉ።

በዚያው አጋጣሚ ሳጥኑ ውስጥ የተቀመጡትን ማጣሪያዎችና ወደ ሌላ አድራሻ የሚያስተላልፍ ትእዛዝ መኖር አለመኖሩን አየሁ። ሰርሳሪዎች የሰው ኢሜይል ውስጥ ሲገቡ የገንዘብ ደብዳቤ ወደ እነሱ እንዲሄድ አድርገው የሚተዉት እዚያ ነው። እኛ ዘንድ አልነበረም። እናንተም አንድ ቀን ክፈቱና እዩት። የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተቀይሯል የሚል ደብዳቤ ከመጣ ደግሞ፣ ደብዳቤው ላይ ባለው ሳይሆን ቀድሞ በእጃችን ባለው ስልክ ተደውሎ ሳይረጋገጥ አይመራም። አክስቴ እንዳሉት ማኅተሙ የማይመስል ደብዳቤ ድሮም ወደ ላይ አይቀርብም ነበር።

ያልሠራው

ሁሉም ነገር ሰመረ ማለት አልችልም። ግንቦት መጨረሻ ላይ ጸሐፊዋ ለእህቷ ሠርግ አምስት ቀን ፈቃድ ወጣች። ማንም ኢንቦክሱን አልከፈተም። ሌሎቹ የራሳቸው ስም ያለበትን ብቻ ያያሉ። አዲስ የመጣው ላይ ስም የሚለጥፍ ስለሌለ ለአምስት ቀን ማንም አላየውም። የድሮው ልማድ ቢኖር ኖሮ ቢያንስ አንዱ በታክሲ ውስጥ ይከፍተው ነበር። ከመካከላቸው ናሙና በአስቸኳይ ላኩልን የሚል አንድ ደብዳቤ ነበር፤ ገዢው ከሌላ ገዛ።

ጥፋቱ የእኔም ነው። አሠራሩን በአንድ ሰው ላይ አቁሜ ስትታመም ወይም ስትቀር ምን ይሆናል ብዬ አልጠየቅኩም። አክስቴ ሲሰሙ ተገረሙ። "መዝገብ ቤት ተዘግቶ አያውቅም እኮ። እኔ ስወልድ ቁልፉን ተፈራርሜ ነው ያስረከብኩት።" አሁን የሒሳብ ሠራተኛው ተወካይ ነው። ጸሐፊዋ ከመውጣቷ በፊት አጀንዳውን ታስረክበዋለች፣ ሁለቱም ይፈርማሉ።

ባለቤቱ ደግሞ እስከ ዛሬ አንዳንድ ማታ አልጋው ላይ ሆኖ ኢንቦክሱን ይከፍታል። ልማድ ነው። ጠዋት ጸሐፊዋ ስትመጣ አንዳንዱ ደብዳቤ ደብዝዞ ይጠብቃታል። አሁን ግን ስም የሌለበትን ደብዳቤ ሁሉ፣ ቢደምቅም ቢደበዝዝም፣ ያልተመራ ብላ ነው የምታየው። ስለዚህ አያመልጣትም።

ለመጨረሻ ጊዜ የሄድኩት ነሐሴ ውስጥ፣ ሐሙስ ቀን ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ያ ጀርመናዊ ገዢ የሚቀጥለውን ዓመት ምርት በተመለከተ ሁለት ኮንቴይነር እፈልጋለሁ ብሎ ጽፏል። ኢንቦክሱ ውስጥ ያሉት አሥራ አንድ ደብዳቤዎች ናቸው። አክስቴ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ።

"ይኼኛውስ?"

"ለቀማሹ ተመርቷል፣ እማማ። ጠዋት 2 ሰዓት ከ40 ላይ" አለች ጸሐፊዋ።

አክስቴ ራሳቸውን ነቀነቁና ሁለተኛውን ቡና ሊቀዱ ተነሡ።